የታጠበው የሎርድ ቶርንስዌል ፊት

ለክቡር ሰር ጃይልስ ቶርንስዌል
የስኬልዴል ከተማ ሥዕል ቤት የባለአደራ ቦርድ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ሁለቱ አዳኝ ውሾችዎ፣ እንዲሁም በዐውደ ርዕዩ መክፈቻ ዕለት ንግግርዎን ሦስት ጊዜ ያቋረጠብዎ ያ ክፉ ሳል እንዴት ናቸው? ሳሉ እንዲለቅዎ፣ ንግግሩ ግን እንዳይመለስብዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ኢሞጀን ሰግደን እባላለሁ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ባለፈው ዓመት በሥነ ጥበብ ታሪክ ተመርቄ ሥዕል ቤቱ በጊዜያዊነት የቀጠረኝ፣ በየስብሰባው ሳልጠየቅ እጄን የማወጣው ልጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ቀድሞ በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀሩ ስለተነገረኝ፣ የእርስዎን የመሰለ ውለታ ደግሞ ሕዝብ ሳይሰማው ቢቀር ነውር ስለሚሆን ነው።

ውለታው ግልጽ እንዲሆን የምናውቀውን ልድገመው። ቅድመ አያትዎ ሎርድ ኦገስተስ ቶርንስዌል የንጉሡ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን፣ በፓርላማ ባስወጡት ሕግ የስኬልዴልን የወል ግጦሽ በድንጋይ አጥረው የግላቸው አደረጉ። ላሞቻችን ከአጥሩ ውጭ እንደቀሩ፣ ሎርዱ ሐዘናችንን ሊያስረሱን ፈልገው መሆን አለበት፣ ቀይ ካባ ለብሰው ካርታ ላይ እጃቸውን ያሳረፉበትን ትልቁን የቀለም ሥዕላቸውን በመዳብ ሰሌዳ አስቀርጸው፣ እያተሙ ለየጭሰኛው በነጻ አደሉ። ከምድጃው በላይ ያልሰቀለ ቤቱን ይለቅ ነበርና ሁሉም ሰቀለ። ማውረድ ክልክል ነበር፤ መውጋትን ግን ማንም አልከለከለም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመጋቢት፣ የአጥር እሑድ በምንለው ቀን፣ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ወንበር ላይ ይቆምና «መሬቱን መልስ!» ብሎ ሎርዱን በመርፌ ይወጋል። እኔም ወግቻለሁ። ግራ ጆሯቸውን። ክቡርነትዎ እንደ ዘመድ ይቅር ይበሉኝ።

«ሎርድ ቶርንስዌል፦ የሕዝብ ሰው» የተሰኘው ዐውደ ርዕይ ሲታሰብ፣ በየቤቱ የቀሩት እነዚህ ሥዕሎች በውሰት እንዲሰበሰቡ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። በር ያንኳኳሁትም እኔ ነኝ። «እንዳለ ይሰቀላል፣ እንዳለ ይመለሳል» ብዬ ቃል የገባሁትም እኔው ነኝ። የቀዩ በግ መጠጥ ቤት ባለቤት ባርናቢ ሆልሮይድ «አንቺ ልጅ፣ ቶርንስዌሎች የወሰዱትን መልሰው ያውቃሉ እንዴ?» ብሎ ሲስቅብኝ፣ ዘመኑ ተለውጧል ብዬ ተከራከርሁት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ሥዕሎቹን ስላጠቡልን እናመሰግናለን። ቀዳዳዎቹ እንዳይነኩ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ማስታወሻ አያይዤ ነበር፤ በቦርዱም ፊት ቆሜ አስረድቻለሁ። ክቡርነትዎ ብስኩትዎን ሻይ ውስጥ እየነከሩ «የኔ እመቤት፣ ዲግሪሽን የተሸለምሽው በቀዳዳ ነው?» ሲሉ የቦርዱ አባላት ምን ያህል እንደተደሰቱ አይቻለሁ፤ ሰውን በቀላሉ ማስደሰት ጸጋ ነው። ከዚያም ሥዕሎቹ ከዋና ከተማ ለመጡት የወረቀት ጥገና ባለሙያ ተሰጡ። የምድጃው ጥላሸት ታጥቦ ወረደ፤ ባርናቢ በልጅነቱ በከሰል የሣለላቸው ቀንድ ተፋቀ፤ ቀዳዳው ሁሉ ተዘፍዝፎ በላመ የወረቀት ልቁጥ ተሞልቶ፣ ከላይ በቀጭን ብሩሽ መስመሩ ተቀጠለ። ሎርዱ ዓይናቸው በራ። ስኬልዴል ከታጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ፊት ኖሯቸው አያውቅም።

ሁለተኛ። ከሥዕሎቹ ጎን ስለተለጠፈው ጽሑፍ። «የስመ ጥሩው ሚኒስትር ምስል በየጎጆው ምድጃ ላይ በክብር ተሰቅሎ መገኘቱ፣ በተራው ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል ይወደዱ እንደነበር ይመሰክራል» ይላል። ከዚህ በላይ አልጨምርም፤ እኔ ብጽፈው ይህን ያህል አያስቅም ነበር።

ሦስተኛ ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ የወይዘሮ ዊኒ አክሮይድ ነው።

ወይዘሮ ዊኒ የሚኖሩት በወፍጮ መንገድ፣ ከርስትዎ ጽሕፈት ቤት በተከራዩት ቤት ነው። ልጃቸው ራስል ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ ወንበሩ ላይ ቆሞ መርፌ ቢሰጡት «መርፌማ አይሰማውም!» ብሎ ከአባቱ ሣጥን የጣሪያ ሚስማር አምጥቶ የሎርዱን አገጭ በረቀሰው። አባቱ በሳቅ ከወንበር ወደቁ ይላሉ። ራስል በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በዓሣ ማጥመጃ መርከብ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ባሕሩም አስከሬኑን አልሰጠም። መቃብር የለውም። ወይዘሮ ዊኒ ጠዋት ጠዋት ምድጃ ሲጭሩ፣ ቀና ብለው ትንሿን ጣታቸውን ከዚያ ቀዳዳ ላይ ያሳርፉ ነበር። ሥዕሉን ሲሰጡኝ በፎጣ ጠቅልለው «ቶሎ መልሺልኝ እንጂ ልጄ፤ ለሎርዱ አይደለም፣ እሱማ ገደል ይግባ» አሉኝ።

በመክፈቻው ዕለት ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። በሥዕሎቹ ሁሉ ፊት አለፉ፤ ተመልሰውም አለፉ። «የኔው ሰውዬ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ከፊታቸው ያለው መሆኑን ስነግራቸው «አይ፣ የኔው አገጩ ላይ ቀዳዳ አለው» አሉ። ከዚያ ገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ወደ መስታወቱ ሰደዱ። ጠባቂው «እማማ፣ መስታወቱን አይንኩ! ለእርስዎም ለሌላውም ክልክል ነው!» አላቸው። እሳቸው ዞር ብለው እኔን ብቻ አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። ክቡርነትዎ በዚያች ሰዓት የሻምፓኝ ብርጭቆ አንሥተው ስለ ቅርስ አደራ እየተናገሩ ነበርና ይህን ሳያዩ በመቅረትዎ አዝናለሁ።

አራተኛ። ወይዘሮ ዊኒ ሥዕላቸው እንዲመለስላቸው ቢጠይቁ፣ ቦርዱ እንቢ ሳይል በትሕትና ቤታቸውን በባለሙያ አስመረመረ። ሰውየው የእርጥበት መለኪያውን ከምድጃው በላይ ለጥፎ ራሱን ነቀነቀ። ከሳምንት በኋላ በክቡርነትዎ ፊርማ መልስ ደረሳቸው፤ ግድግዳው ውኃ የሚተፋና በሻጋታ የተበላ በመሆኑ፣ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ውድ ወረቀት መኖሪያነት ፈጽሞ የማይበቃ ስለሆነ ሥዕሉ ለደኅንነቱ ሲባል በሥዕል ቤቱ ይቆያል የሚል ነው። ወይዘሮ ዊኒ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ደረታቸውን ያማቸዋል። ስለዚሁ ግድግዳ ለርስትዎ ጽሕፈት ቤት ባመለከቱ ቁጥር ያገኙት መልስ «ግድግዳው ደህና ነው፤ ማንቆርቆሪያ ሲያፈሉ መስኮት ይክፈቱ» የሚል ነበር። ስለ ወረቀቱ ያሳዩትን ርኅራኄ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃና አንድ ልመና ላቅርብ፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። የጥገና ባለሙያው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ማስታወሻዎቼ ሳይደርሷቸው ተነሥተው እንደነበር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። የሞሉት ሁሉ ሊነሣ እንደሚችል፣ በረጠበ ጥጥ የአንድ ጠዋት ሥራ እንደሆነ ነገሩኝ። ጥላሸቱና የባርናቢ ቀንድ ሄደዋል፤ የራስል ቀዳዳ ግን ከልቁጡ ሥር አለ። እንዲከፈትና ሥዕሉ ወደ ወፍጮ መንገድ እንዲመለስ እለምናለሁ። ገና ያልታጠቡት ደግሞ በታችኛው መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ እነሱን እንዳሉ ይስቀሏቸው፤ ከተማው ወረፋ ይዞ ይመጣል። እኔ አሁንም ይህ ሥዕል ቤት የሁላችን ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። ጓደኞቼ ሞኝ ይሉኛል። የሥራ ውሌን ለማደስ የቀረበልኝ ሐሳብ ግን፣ «ለመገናኛ ብዙኃን አለመናገር» የሚለውን አንቀጽ በዚህ ደብዳቤ ስላፈረስሁት፣ ክቡርነትዎን ሳላስቸግር በራሱ ጊዜ ወድቋል።

ታጥቦ የማያውቀው አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከጭሰኞችዎ ዘር የሆንሁ፣ ትሑት አገልጋይዎ የነበርሁ፣

ኢሞጀን ሰግደን
ስኬልዴል

ማስታወሻ፦ የርስትዎ ጽሕፈት ቤት ያንን ግድግዳ ደህና ነው ሲል ስለኖረ፣ ወይዘሮ ዊኒ ቤቱ እርጥብ መሆኑን ከአከራያቸው ፊርማ ጋር በጽሑፍ ሲያገኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው የክቡርነትዎን ደብዳቤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የቤቶች ተቆጣጣሪ ወሰዱት። ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ አንብቦ አከራዩ ማን እንደሆነ ቢጠይቃቸው «የፈረመው ነው፣ የኔ ልጅ» አሉት። ረቡዕ ጠዋት ይመጣል፤ ለወረቀት ያልበቃው ቤት ለሰው ይበቃ እንደሆነ ሊያይ።