ለሙት ዓመትህ ያልታረደው በሬ

ይድረስ ለይመር፣ ለባለቤቴ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ሞልቶ ሌላ ጀምሯል። ከሁሉ አስቀድሜ በገበያ የሚወራብኝን ላርም። «አልጋነሽ የባሏን ተዝካር በላች» ይላሉ። ሐሰት ነው። ተዝካርህ በአርባህ፣ በወጉ ወጥቷል፤ ካህናቱም ድኾቹም በልተው ጠጥተው ነፍስ ይማር ብለውልሃል። ያልታረደው የሙት ዓመትህ በሬ ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው ወሬ ባያወራ ይሻለዋል። «በፍስክ ቀን ምስር አበላች» የሚሉት ግን እውነት ነው፤ አበላሁ። ምክንያቱን ለአንተ ልንገርህ፤ እነሱም ከፈለጉ ቆመው ይስሙ።

አንተ በሞትህ በበጋው ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ የአውቶቡስ ጣቢያውን ጣሪያ ገፎ ወሰደው፤ የምሥራቁንም ማዕዘን ናደው። ዕድሜህን የኖርህበት፣ ትኬት የቆረጥህበት ያ የድንጋይ ቤት ራሱን ተገልጦ ቀረ። ከድሬዳዋ ምድር ባቡር ሥራህን ትተህ ስትመጣ ይዘኸው የመጣኸውን የሐዲድ ቁራጭ በረንዳው ላይ ሰቅለህ፣ አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ሦስት ጊዜ ትመታው ስለ ነበር፣ ከተማችን መርሳ ባቡር አይታ ሳታውቅ ቤቱን «ባቡር ጣቢያ» ብላው ነበር። ከውርጌሳም ከግራናም የሚመጣ መንገደኛ በዚሁ ስም ይጠይቅ ነበር። ያ ሁሉ ቀርቶ የፍየል መዋያ ሆነ፤ መንገደኛውም ፀሐይ ላይ ይቆም ጀመር። የማዕዘኑን ድንጋይ ለምድጃው የወሰደም ነበር። ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ መልሷል።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ ቤቱ ጣልያን የሠራው ነው፣ ክረምት ሳይገባ ካልተከደነ ፈርሶ ድንጋዩ ለእህል መጋዘን ይዋል አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ መጋዘንም ያስፈልጋል። እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጣልያን ያዘዘው እንጂ የሠራው አይደለም። ድንጋዩን ከወንዝ በትከሻው ያወጣው አባቴ ነው፤ የአንተም አያት ከጎኑ ነበሩ» አልሁት። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። «እሺ እማማ፣ እስከ ሰኔ ክደኑት» አለኝ።

በምን እንክደነው? ቆርቆሮ የለም። ሰዉም በየዘመቻው ደክሞ ነበር፤ ለሥራ ሲጠራ «ነገ» የማይል አልነበረም። ያኔ የቀብር ማኅበራችን ቅሬ ትዝ አለኝ። ቅሬ የሚወጣው ለሞት ነው፤ ለሞት ደግሞ እስላምም ክርስቲያንም የሚቀር የለም። ወደ ቅሬው ዳኛ ሄድሁና፣ የባሌ ሙት ዓመት ደርሷልና ቅሬው ይውጣልኝ፤ የሚወጣው ግን ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ጣቢያው ነው አልኋቸው። «እንዲህ ያለ ወግ ከአባቶቻችንም አልሰማን» አሉኝ። «ሟቹ የት ነበር የሚውለው?» አልኋቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ። በመጨረሻ፣ «እውነትሽን ነው፤ ካንቺ ቤት ይልቅስ እዚያ ነበር» ብለው እሺ አሉ።

በሬውን ሐራ ገበያ አስነድቼ ሸጥሁት፤ ቆርቆሮና ሚስማር ሆነ። ቢታረድማ ኖሮ ታውቀዋለህ፤ ለእስላሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ገበታውም ሁለት ይሆናል። በአንድ ሰልፍ ድንጋይ ሲቀባበሉ የዋሉትን ሰዎች ለምሳ ሲደርሱ ለሁለት ልከፍላቸው አልፈለግሁም። ስለዚህ በበዓለ ኃምሳ፣ ረቡዕ እንኳ በሚበላበት ሰሞን፣ ምስርና ሽሮ አሠራሁ። የነፍስ አባትህ አኩርፈው፣ «ደግሞ አንቺ ጾም ማወጅ ጀመርሽ?» አሉኝ። ጸሎተ ፍትሐቱን አስቀድሜ አስደርሼ ስለ ነበር ግን ብዙ አልተቆጡም። ኋላም መጥተው፣ ከእስላሙ የቅሬ ዳኛ ጎን ቁጭ ብለው፣ ከአንድ ትሪ በሉ።

ያን ቀን ብታይ፣ ይመር! ጥሪው ከጉብታው ላይ እንደ ተነገረ ሰዉ ወጣ። ወንዱ ድንጋይና እንጨት፣ ሴቱ ውሃና ጭቃ ይዞ ከወንዙ እስከ ጣቢያው ተሰለፈ። ለአንድ ቀን የተጠራው ቅሬ ማንም ሳይጠራው ሥራው እስኪያልቅ ተመላለሰ። ግንቡን የመራው የግራናው ወዳጅህ፣ ግንበኛው ሰይድ ነው። እኔ በማስመሪያ ጣቴን እየተመታሁ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ጠማማ ነገር እያየሁ ማለፍ አልችልም። የምሥራቁን ማዕዘን አፍርስ አልሁት፤ አፈረሰው። ሁለተኛ አፍርስ ስለው ቱንቢውን ከነገመዱ መሬት ላይ ጥሎ፣ «ወላሂ እትዬ አልጋነሽ፣ አላህ ይመርን ቀድሞ የወሰደው ከአንቱ ሊያሳርፈው ነው!» አለ። ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ተበተነ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሞትህ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ቱንቢውን አንሥቼ በማዕዘኑ ላይ ለቀቅሁት። ሰይድ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጠማማ ነበር። ሁለተኛም አፈረሰው።

ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ውስጡ ቆሜ ቆርቆሮው ሲንጫጫ አዳመጥሁ፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሊቀ መንበሩ በስብሶ ሊጠለል ገባ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ፣ «መጋዘኑን ሌላ ቦታ እንሠራለን» አለ። መርሳ ኮራችብህ፤ እኔም በመርሳ ኮራሁ። ከእንግዲህ የፈለጉትን ያውሩ። ሥጋው ቢበላ ኖሮ በማግሥቱ ይረሳ ነበር።

ዛሬ ሐዲድህን ከነበረበት ሰቀልነው። ሳየው የተዋወቅንበት ቀን መጣብኝ። ደሴ ወደ ትምህርቴ ልመለስ ሻንጣዬን ይዤ ስሮጥ ሦስተኛውን መታኸው፤ አውቶቡሱም ዓይኔ እያየ ሄደ። ምን ያልተናገርሁህ ነገር ነበር! አንተ ግን ድምፅህን እንኳ ሳታነሣ፣ «እመቤቴ፣ ውስጥ ያሉት በሰዓታቸው ነው የመጡት» አልኸኝ። በንዴት ወደ ቤት ተመለስሁ። ሳስበው ግን ልክ ነበርህ። እስከዚያ ቀን እኔን ያረመኝ ሰው ከመምህሬ በቀር አልነበረምና፣ ሽማግሌ ስትልክ እንቢ አላልሁም።

አልረሳህም፤ እንዴት እንደማልረሳህም ልንገርህ። ነገ የደሴው አውቶቡስ ዳግመኛ ከጣቢያው ይነሣል። ነገ በመጀመሪያ በረንዳውን እጠርጋለሁ። ቀጥሎ ለመንገደኛው በጋኑ ውሃ እሞላለሁ። ከዚያ የሰይድን ማዕዘን አንድ ጊዜ እንደ ገና አያለሁ። ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ ሐዲድህን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ሻንጣ ይዛ ከሩቅ የምትሮጥ ልጅ ባይም፣ አላስቆምላትም።

አልጋነሽ