ያለ ድምፅ የተጨዋወቱት

ሃኖይ፣ ኅዳር 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ ደግሰው፣ ሰቆጣ እንዴት ከረመች? እኔ የመስኖ ትምህርቴን ይዣለሁ፤ የሚያጫውተኝ ሰው ግን አጣሁ። ትናንት አስተርጓሚያችን አንድ ሽማግሌ ቤት ወሰደኝ። አባታቸው ቬትናምን ይገዛ የነበረውን ፈረንሳይን የሚያስወጡበትን መላ ፍለጋ ቻይና ተሻግረው ነበር።

«አባቴ ቻይንኛ አይናገርም ነበር፤ ድሮ እኛም የምንጽፍበት ስለነበር ፊደሉን ግን ያነብ ነበር» አሉኝ። «ከቻይና አብዮተኞች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በብሩሽ እየተጻጻፉ ሲመካከሩ ይውሉ ነበር። የተማረውን አገሩ ሲመለስ ለገበሬው በገበሬው ቋንቋ ነገረው።»

አንተ ትዝ አልከኝ። ከደርግ ጋር በተደረገው ትግል ጊዜ፣ ደሃና ዋሻ ውስጥ፣ ስለ ቻይናና ስለ ቬትናም የሚያወራውን የአማርኛ ጽሑፍ ለገበሬው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ስትነግረው፣ ሽማግሎቹ «እንዲህማ ከሆነ የኛው ነገር ነው» ይሉህ ነበር።

አስተርጓሚው ወጣ ሲል ሽማግሌው ብሩሽና ወረቀት ሰጡኝ። «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብዬ በፊደላችን ጻፍኩላቸው። አገላብጠው አዩት፤ ፊደላችንን ግን አያውቁትም። ከዚያ ብሩሹን ከእጄ ተቀብለው ቀስ ብለው አጠቡት።

የምጽፍባት ፖስት ካርድ ሞላች። ባለቤትህን ታይቱንና ልጆቹን ሳምልኝ። መልሱን በኽምጣና ጻፍልኝ፤ ጮክ ብዬ ለራሴ አነበዋለሁ።

ዓለምብርሃን