የእትዬ ዘሃራ ጉድጓድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፤ ከቀኑ 10 ሰዓት
የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ። ማራገቢያው ዛሬም አይሠራም። የፋብሪካውን የታሸገ ውሃ ስመረምር ዋልኩ። ከፋይ ደንበኛ ነው፤ ይቅደም ተብሏል። ይሁን።

እትዬ ዘሃራ የሚባሉ እናት መጡ። ከካራቆሬ ወዲህ ካለች መንደር፣ ጀሪካን ታቅፈው። ባለቤታቸው ሳይሞቱ ለሰደቃ ያስቆፈሩት ጉድጓድ አለ፤ መንደሩ ሁሉ ይጠጣል። ዘንድሮ ሕፃናቱን ተቅማጥ አልለቅ አለ። የልጅ ልጃቸው ጤና ጣቢያ ተኝታለች። "መርምሪልኝ ልጄ፤ ውሃው እንደሆነ ልወቅ።"

አዲሱን መመሪያ ነገርኳቸው፦ ዩኒቨርሲቲው በገቢው ራሱን ይቻል ተብሏል፤ ያለ ክፍያ ናሙና አንቀበልም። "የመንግሥት ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ?" አሉኝ። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀበልኩ።

ረቡዕ 13፣ ጠዋት
ዲናችን ዶ/ር ሙሉጌታ ዘንድ ገባሁ። ልጣላ ነበር የሄድኩት፤ ሳያቸው አሳዘኑኝ። ለኬሚካል መግዣ ደጅ ሲጠኑ ከርመዋል። ፋብሪካው ባይኖር ላቦራቶሪው ይዘጋ ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው። ልወጣ ስል ተማሪዎቼ በምን ውሃ እንደሚለማመዱ ጠየቁኝ። በቧንቧ ውሃ አልኩ። "ለማስተማሪያ የሚመጣ ናሙና ክፍያ የለበትም" ብለው ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። ማስታወሻዬ፣ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ!

ሐሙስ 14፣ ማታ
ከተማሪዎቼ ጋር ወደ እትዬ ዘሃራ መንደር ሄድን። በንጹሕ ጠርሙስ ቀዳን፣ በበረዶ ሳጥን አመጣን። ሁሌ የሚያዛጉት ልጆች ዛሬ ስለ ፈተና አንድም አልጠየቁኝ። ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ አዲስ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። ተያየን።

ዓርብ 15
ውሃውን ጨምረን ያሳደርናቸውን የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህኖች አወጣን። ነጠብጣብ በነጠብጣብ። ከሰገራ የሚመጣው ባክቴሪያ ነው። ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ "ማን ይነግራቸዋል?" አለች። የባላቸው ሰደቃ! በስልክ አይነገርም።

ቅዳሜ 16
እቤታቸው ሄጄ ለእትዬ ዘሃራ ነገርኳቸው። "ያጠጣኋቸው እኔ ነኛ" ብለው አለቀሱ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ጉድጓዱም ይታከማል፤ እስከዚያ አፍልታችሁ ጠጡ አልኳቸው። በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ተነሡ፤ ጎረቤቱን ሁሉ በየበሩ እየጠሩ ራሳቸው ነገሩ። ባለ መጸዳጃው ሰውዬ አንገቱን ደፋ፤ አፈርሰዋለሁ አለ።

ማክሰኞ 19፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ልጅቷ ድና ቤቷ ገባች፤ እትዬ ዘሃራ ደወሉ። ደስ አለኝ። ወዲያው ከዲኑ ቢሮ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ ፋብሪካው ሥራ ስለበዛበት ላቦራቶሪው ሐሙስ ሐሙስ ይለቀቅለት ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐሙስ የማስተማሪያ ቀን ነው፣ ተማሪዎቼ የመንደር ውሃ ይመረምሩበታል፣ አይለቀቅም ብዬ መለስኩ። ፈረምኩ። አሁን ራሴ ወስጄ ለዶ/ር ሙሉጌታ እሰጣቸዋለሁ።