ዳኛ ለአራተኛ ጊዜ ሲቀመጥ

ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በጦር ሰፈሩ ሕክምና ክፍል መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ተኝቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ስሜ በመዝገብ አለ፤ ጓዶቼ ግን አጅሬ ይሉኛል። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው። ሐኪሙ ጭንቅላቴ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጧል፤ እናቴ ብትጠየቅ ሌላ ትል ነበር። ነገ እግሬን ይቆርጡታል። "እነቃለሁ ወይ?" ብዬ ብጠይቀው ሐኪሙ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ስለዚህ አፌ ሳይያዝ ልናዘዝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ጸሐፊውን ያስገደድኩት እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ የሚያምረው ቃል ሁሉ የእሱ ነው፤ ነገሩ ግን የእኔ ነው።

አንደኛ፤ ራዲዮኔ ለእናቴ ይሰጥ። ካልመቱት አይናገርም፤ እሷ ደግሞ በመምታት ልምድ አላት፤ ጀርባዬ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፤ ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊዋ ሁለት ዓመት የፈለገችው መቀስ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ ለቀልድ ነበር የደበቅሁት። እትዬ፣ የጠረጠርሻትን ጎረቤትሽን ይቅርታ ጠይቂያት። እሷ አልነካችውም።

ሦስተኛ፤ ይህን ኑዛዜ ያስጻፈኝ ጉዳይ። ፈንጂ አነፍናፊ ውሻዬን ዳኛን ለእህቴ አውርሻለሁ ስል ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ።

"የመንግሥት ንብረት አይወረስም።"

"እኔስ የማን ነኝ?"

"አንተም የመንግሥት ነህ። ዝም ብለህ ቀጥል።"

እንግዲያው ውሻውን አላወርስም፤ እመሰክርለታለሁ። ዳኛ የተባለው እሱ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ስለሚቆም ነው። ከፊታችን እየሄደ መሬት ያሸታል፤ ፈንጂ ሲያገኝ ቁጭ ይላል። አይጮኽም፣ አይጭርም። ሥራ በጠፋበት ሰሞን እኔ ደግሞ ለደረቅ ዳቦ እንዲቀመጥ አስተማርኩት። ከዚያ ዳቦ መደበቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሃምሳ አለቃችን አልጋ ሥር ደበቅሁ፤ ዳኛ ቢቀመጥ ሃምሳ አለቃ ባዶ እግራቸውን አልጋው ላይ ቆመው አረፈዱ። ቀጥሎ የምግብ አብሳዩ የዱቄት ጆንያ ውስጥ ከተትኩ፤ ያን ቀን ሰፈሩ ጾሙን ዋለ። ሦስተኛውን ሽንት ቤት በር ሥር፤ ሃምሳ አለቃ ውስጥ ነበሩ። ፈንጂ የሚያመክኑት መሐንዲሶች እስኪመጡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከውስጥ ሆነው ሰደቡኝ። ሃምሳ አለቃ ሦስቱንም "የውሻው ስህተት" ብለው በደብተራቸው ጻፉ። እኔ እየሳቅሁ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሰኞ ድልድዩ አጠገብ ዳኛ ተቀመጠ። ለዳቦ ሲቀመጥ ጅራቱ መሬት ይጠርጋል፤ ለፈንጂ ሲቀመጥ ጅራቱ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ነበር።

"ሃምሳ አለቃ፣ አይራመዱ። ይኸኛው የእውነት ነው።"

"ዛሬ ደግሞ አንተና ውሻህ ማንን ልታስቁ ነው?" አሉና እግራቸውን አነሡ።

ሮጬ ገፋኋቸው። እሳቸው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ እሳቸው ሊረግጡት የነበረውን እኔ ረገጥኩት።

አሁን "ውሻው ሦስት ጊዜ ስለተሳሳተ አይታመንም፤ ቅዳሜ ይወገድ" የሚል ወረቀት ወጥቷል፤ የፈረሙት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ቂም የለኝም። ሦስቴ የተሸወደ ሰው አራተኛውን ቢጠራጠር ጥፋቱ የሸወደው ነው። ዳኛ አራት ጊዜ ተቀመጠ፤ አራቱንም ያሸተተውን ተናገረ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ በእኔ ስም ይጻፍ፤ ቀብዱን በእግሬ ከፍያለሁ።

አራተኛ፤ የዳኛን ማሰሪያ ለሚረከበው ወታደር። ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ዳቦ አትስጠው። ጅራቱን እይ። ነጎድጓድ ይፈራል፤ ያኔ ብርድ ልብስህን አካፍለው። እኛ ሁለት ክረምት አንዱን ለብሰናል፤ ቁንጫውንም እኩል ተካፍለናል። ነገ ከነቃሁ ግን ማሰሪያውን መልስ፤ አትከራከረኝ።

ቃሌ ይኸው ነው። ተነቦልኝ ሰምቼ ፈርሜያለሁ።

ምስክሮች

የክፍሉ ነርስ፦ ሲናገር አእምሮው የተስተካከለ ነበር። ስለ ጠባዩ አልመሰክርም። (ፊርማ)

ምግብ አብሳይ፦ የዱቄቱ ነገር እውነት ነው። ጆንያውን ሜዳ ወስጄ የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ እየጸለይኩ። (ፊርማ)

ሃምሳ አለቃ፦ ሲነበብ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ወጥቼ ውሻውን ይዤ ተመለስኩ። አልጋው ዘንድ ስንደርስ ፊቴ ቁጭ አለ፤ ነርሷና ምግብ አብሳዩ ወደ ኮሪደር ሸሹ። እኔ ጅራቱን አየሁ። ወለሉን ይጠርግ ነበር። ዳቦውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የጠቀለልኩበት ወረቀት የቅዳሜው ትእዛዝ ነው። (ፊርማ)