ትከሻ እየነካህ የከፈልካቸው ቡድኖች

ውዴ ደሬ፣

ከተለያየን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። "እንዴት ነህ?" ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። ድሮ መልስ እንደማላገኝ እያወቅኩ እጠይቅህ ነበር፤ አሁን ግን መልስ ይመጣል ብዬ እፈራለሁ። ለምን እንደሆነ ስትሰማ ይገባሃል። ከቤታችን ወሬ ልነሳ።

ልጃችን ሊዲያ ቁመቷ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። ሰማያዊውን ጃኬትህን እጅጌውን አጥፋ ትለብሰዋለች፤ ላጥበው ስላት እንኳ አትሰጠኝም። ከጓሯችን በኩል የነበሩት ባህር ዛፎች ተቆርጠው ፎቅ ተጀምሯል። አሁን ጉሙ ከእንጦጦ ሲወርድ የሚያግደው የለም፤ ቀጥ ብሎ መጥቶ በረንዳችን ላይ ይተኛል። እኔም እዚያው ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ለሚኒባስ እየተጋፋሁ ከሱሉልታ ፒያሳ እወርዳለሁ።

ልነግርህ የፈለግኩት ግን የሜዳውን ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኳስ የምታሰለጥናቸውን የሰፈሩን ልጆች በቡድን እንዴት ትከፍላቸው እንደነበር መቼም አትረሳውም። ወንዱንም ሴቱንም በአንድ መስመር ታቆምና፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ታደርጋለህ። ከዚያ ከኋላቸው ቀስ ብለህ እየሄድክ ትከሻቸውን ትነካለህ። ቀኙን የተነካ ቀይ ሰደርያ፣ ግራውን የተነካ ቢጫ። እያንዳንዱ ከማን ጋር እንደተመደበ የሚያውቀው ዓይኑን ሲገልጥ ነው። ስለዚህ "ሴት ደረሰችብን" ብሎ የሚያጉረመርም ወንድ አልነበረም። ማንን ይወቅሳል?

"ለሴቶቹ ለምን የራሳቸውን ቡድን አታቋቁምላቸውም?" ያልኩህ ጊዜ ሳቅክብኝ። "ሰፈሩ ያለው አንድ ሜዳ ነው። ለሁለት ከከፈልነው ለሴቶቹ የሚደርሳቸው የቦዩ ዳር ነው" አልከኝ።

ጫልቱ እጇ የተሰበረ ዕለትም ሐሳብህን አልቀየርክም። ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር ኳስ ስትሻማ ነበር የወደቀችው። አባቷ ኦቦ ለሚ ማታውኑ ቤታችን መጡ። ቁጭ ይበሉ ብንላቸው እምቢ አሉ።

"ደረጄ፣ ልጄን ለኳስ ብዬ ነው የሰጠሁህ። ከወንድ ጋር ትጋፋ አላልኩም። ከእንግዲህ አትመጣም" አሉህ።

"ኦቦ ለሚ፣ የገጫት ልጅ ነው እኮ እያለቀሰ በጀርባው አዝሎ ያመጣልዎት" አልካቸው። "እጇ እስኪድን እጠብቃታለሁ።"

እጇ ሳይድን አንተ ሄድክ። ከሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልክ፣ ሬዲዮው እያወራ።

በአንተ ቦታ ብሩክ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ መጣ። መጥፎ ልጅ አይደለም። ወላጆችን ሰብስቦ፣ "ሴቶቹ ይጎዳሉ፤ ወንዶቹም እንጎዳቸዋለን ብለው ስለሚፈሩ አቅማቸውን አያወጡም። ብንለያያቸው ለሁሉም ይበጃል" አለን። የጫልቱን እጅ ያየን ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ተስማማን። መጀመሪያ ለሴቶቹ የቦዩ ዳር ተሰጣቸው። ቀጥሎ "ወንዶቹ ሲጨርሱ ግቡ" ተባሉ። ወንዶቹ ደግሞ አይጨርሱም። አንድ በአንድ ቀሩ። ሊዲያ ከጓሯችን ግድግዳ ጋር መጫወት ጀመረች፤ ኳሷ ግድግዳውን ስትመታ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

ከሙት ዓመትህ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው ነገሩ የሆነው። ጉሙ ከባድ ነበር። መንገዱ ላይ የሚለማመዱት ሯጮች በአጠገቤ ሲያልፉ ትንፋሻቸውንና የጫማቸውን ድምፅ እሰማለሁ እንጂ አንዳቸውንም አላየሁም። ሊዲያ ጃኬቷን ረስታ ስለወጣች ላደርስላት ወደ ሜዳው ሄድኩ። ብሩክ ታክሲ አጥቶ ዘግይቷል። ወንዶቹ ሊጫወቱ፣ ሴቶቹ ደግሞ ምናልባት ተራ እናገኝ ይሆናል ብለው መጥተዋል። ጫልቱም ከአባቷ ተደብቃ መጥታለች።

ማን እንደጀመረው አላየሁም። ስደርስ ከልጆቹ ፊት ጉሙ ሳስቶ ነበር፤ ሁሉም በአንድ መስመር ቆመው፣ ወደ ተራራው ዞረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ናፍቀውህ ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ሊዲያን ልጠራት አፌን ስከፍት የዳሩ ልጅ ቀኝ ትከሻ ዝቅ አለ። ቀጥሎ ያለችው ልጅ ግራዋ። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣይዋ። እጅ ሲያርፍበት ትከሻ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ከኋላቸው ጉም ብቻ ነበር።

ዓይናቸውን ገለጡና ሳይነጋገሩ፣ ሳይጨቃጨቁ፣ ቀይና ቢጫውን ለብሰው ለሁለት ተለያዩ። ብሩክ ይህን ጊዜ እየሮጠ ደረሰ።

"ማነው የከፈላችሁ?"

"አሰልጣኝ ነዋ!" አለ ከሁሉ ትንሹ ልጅ።

"እኔ ገና አሁን መምጣቴ ነው።"

ሁሉም ዞረው ወደ ኋላቸው አዩ። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹ ግን፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ኳሱን መሐል አድርገው ጀመሩ። ብሩክም አላስቆማቸውም።

ማታ ሊዲያ እራቷን ሳትነካ ቆየችና፣ "እማዬ፣ የአባዬ እጅ ትኩስ አልነበር?" አለችኝ።

"ትኩስ ነበር።"

"የዛሬው ቀዝቃዛ ነው። እርጥብም ነው።"

ያን ሌሊት አብራኝ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንተ ከሆንክ ለምን ቤትህ አልመጣህም? አንተ ካልሆንክስ፣ ልጆቻችንን የሚነካው ማነው?

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ፀበል ይረጭበት ያለ አለ፤ ልጁን ያስቀረም አለ። ኦቦ ለሚ የጫልቱን መምጣት ሰምተው በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሳቸው መጡ፤ "የሚያታልላቸውን ሰው እይዘዋለሁ" ብለው። ልጆቹ ሲሰለፉ ከመስመሩ ኋላ፣ ሰው የሚያልፍ ከሆነ የግድ እሳቸውን በሚገፋበት ቦታ ቆሙ። ጉሙ ዋጣቸው። ትከሻዎቹ እንደገና ተራ በተራ ዝቅ አሉ። ኦቦ ለሚ ሲወጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘውት ነበር።

"ምን አዩ ኦቦ ለሚ?" አላቸው ብሩክ።

"ምንም።" ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና፣ "መንገድ ግን ለቀቅኩ" አሉ።

"ለማን?"

"እንጃ። ሰው ሊያልፍ ሲል ዘወር ትል የለ? ዘወር አልኩ።"

ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞረው በኦሮምኛ "ተጫወቺ" አሏት። ሌላ ነገር ሳይናገሩ ሄዱ።

ብሩክ ወላጆችን ዳግም ሰበሰበ። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አብረው እንዲጫወቱ፣ ትልልቆቹ ለየብቻ ሆነው ሙሉውን ሜዳ በተራ እንዲያገኙ ተስማማን። ትልልቆቹ ሴቶች ራሳቸው ናቸው እንዲያ የጠየቁት። ስለ ጉሙ በስብሰባው ላይ ያነሳ ሰው የለም። ፍርሃት ይሁን ፍቅር ያስማማን፣ እኔ አላውቅም።

አሁን ትከሻ የሚነካው ብሩክ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ታመመና ልጆቹ እኔን ለመኑኝ። ኳስ እንደማላውቅ ታውቃለህ፤ ግን እንዴት እምቢ ልበላቸው? ከኋላቸው ገባሁ። ጉሙ ከጉልበቴ በታች ያለውን እንኳ አያሳይም። የመጀመሪያውን ልጅ ቀኝ ትከሻ ስነካው ሹራቡ ርሷል። ጉሙ ነው አልኩ። ግራውን ስዳብስ ደረቅ ነው። ቀጥሎ ያለችው ልጅ ግራዋ እርጥብ፣ ቀኟ ደረቅ። ልጮህ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አምነውኝ ቆመዋል። ሊዲያ ጋ ስደርስ ሳትዞር፣ "እማዬ፣ ዘገየሽ" አለችኝ በቀስታ።

እርጥቡን ትከሻ እየተከተልኩ እስከ መጨረሻው ልጅ ሄድኩ። ጉሙ ከሳሳ በኋላም ሲጫወቱ ዳር ቆሜ እስኪጨርሱ አየሁ። ሊዲያ ለጫልቱ አቀበለቻት፤ ጫልቱ ያን የገጫትን ልጅ አልፋ አገባች፤ እሱም ከሌላኛው ቡድን ሆኖ አጨበጨበላት።

ከፊቴ የሄደው አንተ ትሁን አትሁን አልጠይቅህም፤ ቢነግሩኝም የምችለው አይመስለኝም። ግን ቃል እገባልሃለሁ፦ እግሬ እስከቻለ ድረስ፣ ሰው ባጡ ቁጥር፣ ከእነዚያ ልጆች ኋላ እሄዳለሁ። ብፈራም እሄዳለሁ። ለሚጠይቀኝም ሁሉ ይህን ሜዳ ለሴቱም ለወንዱም የሰጠው ባሌ ደረጄ ነው እላለሁ፤ ስምህን ጮክ ብዬ፣ በጉሙም ውስጥ ቢሆን።

ያንተዋ
አልማዝ