አባታችን የወደቀበት ዋልካ

ለወንድሜ ለአያ የሻው፣ አስመራ።

አያ፣ ጤናህ እንደምን ነው? ብርዱስ፣ ሥራውስ፣ ጎረቤቱስ እንደምን ይዞሃል? ስድስት ክረምት ድምፅህን ሳልሰማ ደኅና ሰነበትክ ማለቱም ያሳፍረኛል። እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን፤ እናታችን ግን ከሁዳዴ ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ከመደብ አልወረደችም።

የቀረህበትን ምክንያት አውቃለሁ። ያን ነሐሴ የአባታችንን አስከሬን ስናወጣ፣ ልጅ ያልቅስ እንጂ አይሸከምም ቢሉህ አሻፈረኝ ብለህ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ ያዝክ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ዋልካ እስከ ጉልበትህ ዋጠህና አባታችን ጭቃ ላይ ወደቀ። ለአርባው እንኳ ሳትቆይ ሄድክ። እኔም ያን ቀን ተቀይሜህ ነበር፤ አልዋሽህም።

እኔ በየበጋው ጎንደር ዳር ካለ የኖራ ማቃጠያ የቀን ሥራ እገባለሁ። ከምድጃው የሚጠረገውን አመድና ያልበሰለ ኖራ ከጀርባው ይደፉታል፤ የሚፈልገው የለም። ክምሩ ሥር ያለው ዋልካ ግን ዝናብ ሲጥልበትም የማኪና ጎማ አይውጥም። ይኸን አይቼ አምና በጆንያ አስጭኜ አመጣሁና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው መንገድ ላይ በተንሁት። የሰኔ ዝናብ ጠርጎ ወሰደው። እኅታችን ሽታዬ የዋልካ ሐኪም የሚል ስም አወጣችልኝ።

ዘንድሮ በሚያዝያ ስንዝር ያህል ቆፍሬ፣ ኖራውን ከአፈሩ ጋር ቀላቅዬ፣ ውኃ እያርከፈከፍሁ በበሬ አስረገጥሁት፤ አውድማ ላይ እህል እንደምናበራየው ማለት ነው። ደርቆ ጠጠረ።

እናታችን ሰምታ፣ ሞቼ ሳይሆን በቁሜ ልየው፣ ለፍልሰታ በቃሬዛ ወስዳችሁ አቁርቡኝ አለች። ሰው ሟርት ነው ሲል የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ገብርኤል፣ ለቁርባን የሚሄድ በሽተኛ ምን ሟርት አለበት ብለው ዝም አሰኙት። የፊት ቀኙን ልይዝ ስል ከለከለችኝ። "እሱ የየሻው ነው፤ ለዛሬ ጎረቤት ይያዝለት" አለች። ዝናቡ ይወርዳል፤ ከተሸካሚው ማንም እግሩ አልሰጠመም። አባታችን የወደቀበት ስንደርስ አውርዱኝ ብላ መዳፏን መሬቱ ላይ አሳረፈች። መሬቱ አልላላም። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ።

"ጻፍለት፤ የከዳው መሬቱ እንጂ እግሩ አይደለም" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እምብዛም አትቀምስም። አያ፣ አትዘግይ። አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ያወርድሃል፤ ከዚያ እኔ እቀበልሃለሁ።

ሽታዬ ሳምልኝ ብላለች። ባለቤቴ ጽጌሬዳ እጅ ነሥታሃለች፤ አይተሃት የማታውቃት ልጃችን ወለላም እንዲሁ። መምሬ ባሉበት ሆነው ይፈቱሃል። እናታችን ግን ሰላምታ አልላከችም። ቦታህን ይዤልሃለሁ በለው ብላለች።

ወንድምህ አለነ
ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ
ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.