በካሪያኩ የተማረከው ባርኔጣ

ወንድሜ ኬርዊን፣

በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅህ ነገር አለ፤ በአደራ ያዋስከኝ የሰሌን ባርኔጣህ ዛሬ በካሪያኩ ደሴት ተማርኳል።

ይህን ጭር ያለ ማረፊያ የመረጥኩት ጠዋት ታንኳ እየቀዘፍኩ ከሰዓት ልጋደም ብዬ እንደሆነ ታውቃለህ። ቀዘፍኩልህ! ነፋሱ ባርኔጣህን ከራሴ ላይ ነጥቆ ሲከንፍ፣ እኔም በሳቅ እየፈነዳሁ እንደ እብድ ስከተለው፣ ሄዶ አሸዋው ላይ አረፈ። ሚስ አልሪካ የሚባሉ ባልቴት አነሱት። ከታንኳው ዘልዬ፣ «የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እንደምን አደሩ ማለት እናንተ ጋ ቀርቷል እንዴ፣ አንተ የትሪኒዳድ ልጅ?» አሉ አገሬን ከአነጋገሬ ለይተው፤ ባርኔጣውንም ራሳቸው ላይ ደፉት።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኛ ጋ ፖርት ኦፍ ስፔን ታክሲ ውስጥ እንኳ ሰላም ሳይል የሚገባ የለም፤ እኔ ግን አገር አዋረድኩ። አሁን ባርኔጣህን ትቼ በምን ዓይኔ አይሃለሁ?

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ጉንጭና ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በያለበት ሰላም በልልኝ።

ሊንደን

ማስተካከያ (በካርዱ ጠርዝ ዙሪያ)፦ ከላይ «ተማርኳል» የተባለው ትክክል አይደለም። አመሻሽ ላይ ተመልሼ «እንደምን አመሹ፣ እማማ» ብላቸው ወዲያው አውልቀው ሰጡኝ። ራሴ ላይ ሳደርገው ግን፣ «አውልቀው ልጄ፣ ቅርጫት የተደፋበት ድንች መሰልክ» አሉኝ፤ እኔም መልሼ ሰጠኋቸው። ስለዚህ ባርኔጣው በገዛ ፈቃዱ የደሴቲቱ ነዋሪ ሆኗል። ይግባኝ የሚሰማው በአካል ቀርቦ መጀመሪያ ሰላምታ ለሰጠ ብቻ ነው።